የተራ ሰው ተራ

በአማርኛችን ውስጥ ሥራ ከሚበዛባቸው ትንንሽ ቃላት አንዱ «ተራ» የሚለው ነው። ሹመትም ሀብትም ዝናም የሌለውን፣ ከብዙው ጋር ተመሳስሎ የሚኖረውን «ተራ ሰው» እንለዋለን፤ ወፍጮ ቤት እህሉን አስቀምጦ የቆመውም ሰው የሚጠብቀው «ተራውን» ነው፤ መርካቶ ስንወርድም ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ዶሮ ተራ እያልን አንድ ዓይነት ሸቀጥ የሚሸጡ ሰዎች የተደረደሩበትን ስፍራ በዚሁ ቃል እንጠራዋለን። ሦስቱ ትርጓሜዎች ከአንድ ሥር የበቀሉ ይሁኑ ወይም እንዲያው በድምፅ የተገናኙ ይሁኑ፣ ፍርዱን ለሰዋስው ሊቃውንት እተዋለሁ። እኔ ግን ደብተርና እርሳስ ይዤ በየገበያውና በየመንገዱ ዳር ስቀመጥ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሠዓሊ እንደ መሆኔ መጠን፣ ሰዎች «ንጉሥ፣ ጀግና፣ ጻድቅ ሞልቶ ሳለ ስለ ምን ሽንኩርት ሻጭና ሊስትሮ ትሥላለህ?» ብለው በጠየቁኝ ቁጥር ዞሬ ዞሬ የምመለሰው ወደዚችው ቃል ነው።

አንድ ሰሞን መልሱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። «ተራ ሰው ማለት ተራው ያልደረሰ ሰው ነው፤ የሠዓሊም ግዴታ ተራውን ማድረስ ነው» ብዬ ለራሴ ነግሬ፣ ቃሉ ስለ አማረልኝ ብቻ እውነት ነው ብዬ ተቀብዬው፣ ለወዳጆቼም ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። ዳሩ ግን ውሎ አድሮ ነገሩን ባሰላሰልሁት ጊዜ አፈርሁ። ተራ ሰጪና ተራ ነሺ አድርጎ የሾመኝ ማን ነው? ሽንኩርት ሻጯ እኔ እስክመጣ ድረስ ስትጠብቀኝ የኖረች ይመስል፣ በእርሳሴ ጫፍ ካለመኖር ወደ መኖር የማመጣት ይመስል! እርሷ ከእኔ በፊት ነበረች፤ እኔ ተነሥቼ ስሄድም ገበያዋን ትቀጥላለች። እንግዲህ የምሥልበት ምክንያት ካለ፣ የሚፈለገው ከእርሷ ማነስ ዘንድ ሳይሆን ከራሴ ጉድለት ዘንድ መሆን እንዳለበት የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል በመሠረቱ የዕውቀት ሥዕል ነው። ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት የሚሥለውን ያውቀዋል፤ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ በአንድ እግራቸው ቆመው የሚጸልዩት፣ የተቆረጠችው እግራቸውም ከአጠገባቸው የምትታየው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ጠጉር እንደ ልብስ የሸፈናቸው፣ አንበሳና ነብር የከበቧቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ እንኳ በምልክታቸው ለይቶ ይሳለማቸዋል። ለነፍስም ሁኔታ ሕግ ተበጅቶላታል፤ ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሲያየን፣ ኃጥኡና አረማዊው፣ ይሁዳም በጌታ ማዕድ ላይ ሳይቀር፣ በጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይቀራል። ተራው ሰው ወደዚህ ሥርዓት የሚገባበት በር ጠባብ ነው፤ ሥዕሉን በገንዘቡ ያሠራ እንደ ሆነ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ ስሙም በአጠገቡ ተጽፎለት ይታያል፤ አለዚያ ከሠራዊቱ መካከል አንዱ ነው። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩትን የቆዩ ሥዕሎች ቀርቦ የተመለከተ ሰው ያስታውሰዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ባሉበት ይለያሉ፤ የእግረኛው ፊት ግን አንድ ፊት ነው፤ ያው ፊት ከዳር እስከ ዳር ተደግሟል።

ይህን ማለቴ አባቶችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሥዕላቸው የሚጸለይበት ነውና፣ የሚጸልይ ሰው ደግሞ የሚለምነውን ማወቅ አለበትና፣ የሠሩት ሁሉ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሽንኩርት ሻጯ ምልክት የላትም። እንደ እርሷ ነጠላ ያጣፉ፣ እንደ እርሷ በዱካ ላይ የተቀመጡ፣ እንደ እርሷ ማዳበሪያ ዘርግተው በላዩ አትክልት መደብ መደብ ያደረጉ ስንትና ስንት ሴቶች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል እርሷን እርሷ የሚያሰኛት ፈረስም፣ አንበሳም፣ አክሊልም የለም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም እርሷን ማየት። ቅዱሱን አውቀዋለሁ፤ ንጉሡንም ከሳንቲሙ ላይ አውቀዋለሁ፤ ይህችን ሴት ግን በየቀኑ በአጠገቧ እያለፍሁ አላውቃትም። የምሥላት ስለማላውቃት ነው። ሌላ የረቀቀ ምክንያት ይኖረኛል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ።

የማየቱን ሥርዓት ግን ያስተማረኝ፣ ሳላውቀው፣ ያው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። በልጅነቴ መልክዐ ማርያምና መልክዐ ኢየሱስ ሲደገም እየሰማሁ አድጌአለሁ። መልክዕ የሚባለው ድርሰት፣ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ከስመ ቅዱሱና ከራስ ጠጉሩ ተነሥቶ፣ ርእሱን፣ ገጹን፣ ቅንድቡን፣ ዓይኑን፣ ጉንጩን እያለ እስከ ተረከዙና እስከ እግር ጥፍሩ ድረስ ለእያንዳንዱ አካል ለብቻው ሰላምታ ያቀርባል፤ አካሉም ሲያልቅ ድርሰቱ አያልቅም፤ ለጸአተ ነፍስ፣ ለበድነ ሥጋ፣ ለግንዘት፣ ለመቃብር ሳይቀር ሰላምታ አለው። እኔ ያን ጊዜ «ለጥፍር ሰላምታ ምን ይሠራለታል?» ብዬ በልቤ እስቅ ነበር። በኋላ ወደ ሥዕል ገብቼ፣ የሰውን እጅ በጅምላ መሣል እንደማይቻል፣ አውራ ጣት ከሌባ ጣት የሚጋጠምበትን ጎድጓዳ ለብቻው፣ ጥፍሩን ለብቻው፣ የክርኑን መታጠፊያ ለብቻው ማየት ግድ መሆኑን ስማር፣ በልጅነቴ የሣቅሁበት ነገር ተመልሶ መጣብኝ። ባለቅኔው ለጥፍር ሰላም ያለው ጥፍሩን ረስቶ ማለፍ ስላልፈለገ ነው። እርሳስ ይዞ የተቀመጠም ሰው ሌላ የሚያደርገው የለም፤ ልዩነቱ እርሱ ከጠጉር ጀምሮ በሥርዓት ሲወርድ፣ እኔ አንዳንድ ቀን ከተሰነጠቀ ተረከዝ ጀምሬ ወደ ላይ መውጣቴ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሰዉ ነው። ስለ ቅጽበቱስ? ስለ ምን ሰርግና ጦርነቱን ትቼ፣ ቲማቲም መወልወልን፣ ጫማ ማሠርን፣ ከእንስራ ውሃ መቅዳትን እሥላለሁ? ለዚህ ከበላዔ ሰብእ ታሪክ የበለጠ አስረጅ አላገኘሁም። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው ያ ሰው 78 ነፍስ በልቷል፤ በመጨረሻው ግን በመንገድ ላይ ውሃ የጠማው ለምጻም ነዳይ አግኝቶ፣ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው፤ በፍርዱም ቀን ነፍሳቱ በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውሃ በአንድ ወገን በሚዛን ሲቀመጡ፣ እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍበት ውሃው መዘነ። የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት ታቦት ሲወጣ ይህን ያልሰማ የለም፤ በየቤተ ክርስቲያኑም ግድግዳ ላይ ሚዛኑ ተሥሎ ይታያል። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ከሚዛኑ ይልቅ ውሃውን የሚሰጠው እጅ ነው። በዚያች ሰዓት በመንገዱ ያለፈ ሰው ቢኖር ሁለት መንገደኞች ውሃ ሲጠጡ አየሁ ብሎ ጉዞውን በቀጠለ ነበር፤ ሰጪውም ቢሆን ከሕይወቱ ዘመን ሁሉ የምትመዘነው ቅጽበት ያቺ መሆኗን አላወቀም። ወደ ሚዛን የሚገባው የትኛው ቅጽበት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሥጋ ለባሽ ከሌለ፣ ሠዓሊ ታላቁን ነገር እመርጣለሁ ብሎ የሚመርጠው በምን ዕውቀቱ ነው?

ከአገራችን ውጭ ይህን ከማንም ይልቅ የተረዳው የፍላንደርሱ ሠዓሊ ፒተር ብሩገል ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1566 የሣለውና ዛሬ በብራስልስ ሙዚየም የሚገኘው «የቤተ ልሔም የሕዝብ ቈጠራ» የተባለው ሥራው፣ እኔ በመጽሐፍ ታትሞ ብቻ የማውቀው፣ ሲያዩት የወንጌል ሥዕል አይመስልም። በረዶ የለበሰ የፍላንደርስ መንደር ነው፤ ልጆች በረጋው ውሃ ላይ ይንሸራተታሉ፤ በአንድ ወገን ዓሣማ ይታረዳል፤ በእንግዳ ማረፊያው ቤት መስኮት ሕዝቡ ተጋፍቶ ለመመዝገብ ቆሟል። ዓይን ከዳር እስከ ዳር ሲዋልል ቆይቶ ከመካከላቸው አንዲት በአህያ የተቀመጠች ሴት፣ ከፊቷም መጋዝ በትከሻው የያዘ አናጢ ያገኛል። አክሊለ ብርሃን የላትም፤ ዘወር ብሎ ያያትም ሰው የለም። የአምላክ እናት ከሰው ሁሉ ጋር ተራ ልትይዝ መምጣቷ ነው! ብሩገል እርሷን ዝቅ ለማድረግ እንዲህ አላደረገም፤ ሉቃስ የጻፈውን ቃል በቃል አምኖት ነው። ዓለሙ ሁሉ ይጻፍ ከተባለ፣ በዚያ መዝገብ ላይ እርሷም አንዲት ነፍስ ነበረች።

ከእርሱ ሦስት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ኔዘርላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎግ በኑነን መንደር ክረምቱን ሙሉ የገበሬዎችን ራስና እጅ እየሣለ ከከረመ በኋላ «ድንች ተመጋቢዎቹ»ን ሠራ፤ አምስት ሰዎች በአንድ ኩራዝ ሥር ከአንድ ሳሕን ሲበሉ። ለወንድሙ ለቴዎ በላከው ደብዳቤ፣ እነዚህ ሰዎች ወደ ሳሕኑ የሚዘረጉት እጅ መሬቱን የቈፈሩበት ያው እጅ መሆኑን ማሳየት እንደ ፈለገ ገልጦለታል፤ ቀለሙንም ካልተላጠና አፈር ከለበሰ ድንች ጋር አመሳስሎታል። ከአንድ ገበታ አምስት እጅ ሲዘረጋ ማየት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ትርጓሜ የሚያሻው ነገር አይደለም፤ ምንም እንኳ እነርሱ በሹካ ቢበሉ። ያገሩ ሠዓሊ ወዳጁ ግን ሥራውን ክፉኛ ነቀፈው፤ ወዳጅነታቸውም በዚሁ ሻከረ። በዚያው ዓመት የመንደሩ ካህን ምእመናኑ ለሠዓሊው ተቀምጠው እንዳይሣሉ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ተራ ሰውን መሣል ማንንም የማያስቀይም ገር ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያስብ።

ገር የሚያደርጉትም አሉ። በየሆቴሉ አዳራሽ፣ በየስጦታ ዕቃ መሸጫው ተሰቅላ የምናያት እንስራ ያዘለች ሴት አለች፤ አንገቷ ዘለግ ያለ፣ ጎንበስ ያለች፣ ሁልጊዜ ወጣት፣ ሁልጊዜ ጀምበር ስትጠልቅ። ይህችን ሴት ማንም አይቷት አያውቅም። እንደ ቅዱሳኑ በምልክቷ የምትታወቅ ሆናለች፤ ልዩነቱ የሚሳለማት አለመኖሩ ነው። እንስራ አዝሎ ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ገመዱ ደረት ይቈርጣል፣ አፍ ይከፈታል፣ ላብ ከዓይን ይገባል። ድኽነትን አሳምሮ ለባለጠጋ ግድግዳ መሸጥ እኔ በበኩሌ ከሥዕል ሥራ አልቈጥረውም።

እንግዲህ ሌላውን ይህን ያህል ከወቀስሁ የራሴንም ልናገር። ሾላ ገበያ አጠገብ በሚገኝ አንድ ጉልት፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የሚያልፍ እናት ቲማቲምና ሽንኩርት ይሸጣሉ። ስማቸውን አልጽፍም። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከማዶ ካለው የድንጋይ አጥር ሥር ተቀምጬ እጃቸውን ስመለከት ቆየሁ። ቲማቲሙን አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳሰስ አድርገው የላላውን ወደ ጉያቸው ያስጠጋሉ፤ ጠንካራውን ግን ከታች አራት አድርገው በላዩ አንድ ይደርቡና መደቡን ይዘጋሉ። ከላይ የምትቀመጠዋ አምስተኛዋ ስትመጣ እጃቸው ይዘገያል፤ ቀዩን ጎኗን ወደ መንገዱ እስኪያዞሩ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ያገላብጧታል። እኔም አውራ ጣቱን ይዤ፣ ጥፍሩ ሥር የገባውን አፈር ሳይቀር እየተከተልሁ፣ ጊዜው ማለፉን ረሳሁ።

«አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው የምትጽፈው?» አሉኝ ድንገት ቀና ብለው።

«አልጽፍም እማማ፤ እየሣልሁ ነው።»

«ከወረዳ ነህ? ደንብ ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም እናቴ፤ ሠዓሊ ነኝ።»

«ታዲያ ስሜን ማን ብለህ ጻፍህ?»

የተጻፈ ነገር ሁሉ ግብር ወይም መባረር ይዞ በሚመጣበት ኑሮ ውስጥ፣ ደብተር የያዘ ሰው ከማዶ ሆኖ ሲያያቸው ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ተነሥቼ ቀርቤ ደብተሩን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት፤ ከዚያም ከወረቀቱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«እጄ እንዲህ ሆኗል እንዴ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። የሣልሁት እውነት ነበር፤ ለእርሳቸው ግን ማንም ሳያስፈቅዳቸው ከማዶ ተቀምጦ የወሰደባቸው እውነት ነበር፤ እኔ ለጥፍራቸው ሰላምታ አቀረብሁ ስል፣ እርሳቸው የተቀበሉት ዕርጅናቸውን ነበር። ጥቂት ቆይተው ነጠላቸውን አስተካከሉና «ሰው እንዲህ በሥራ ልብሱ አይሣልም፤ ሰንበት ከቅዳሴ መልስ እዚችው ና» ብለው አዘዙኝ።

እሑድ ሄድሁ። ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ጥለቷ ሰማያዊ የሆነች ነጠላ ተከናንበው፣ የአንገት ማዕተባቸውን ወደ ውጭ አውጥተው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አቅንተው ቁጭ አሉ። አይንቀሳቀሱም፤ አይስቁም። ሁለቱን ዓይኖቻቸውን እኩል ሰጡኝ። በእውነት ለመናገር በመጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ የማክሰኞዋ ሴትዮ ጠፍታ ሌላ ሰው የመጣች መሰለኝ። ቀስ እያልሁ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ሥዕል ምን እንደ ሆነ እርሳቸውም የራሳቸው ትምህርት አላቸው፤ ያም ትምህርት ከእኔ ይልቅ የቆየ፣ በደብር ግድግዳ ላይ ሲያዩት ያደጉት ነው። በእርሳቸው ፍርድ በሁለት ዓይን ወደ ፊት ማየት የጻድቅ ብቻ ዕድል አይደለም፤ በሰንበት ንጹሕ ልብስ ለብሶ የመጣ ሁሉ ሊያደርገው ይችላል። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን «የሕይወት ምሰሶዎች» በተባሉት ሥራዎቹ የገበያ ሴቶችን እንደ አምድ ቀጥ አድርጎ ሲያቆማቸው ምን እየመለሰ እንደ ሆነ የገባኝም ያን ዕለት ነው። እኔ የማክሰኞው ሥዕል የተሻለ ሥዕል ነው ብዬ እስካሁን አምናለሁ። እንዴት እንደሚሣሉ ለመናገር ግን መብቱ የእርሳቸው ነበር፤ በሰባት ቀን ውስጥ የትኛው ቀን እርሳቸውን እንደሚመስል እኔ ልመርጥላቸው አልችልም።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም ሥዕሎች ይዤ ወደ ጉልቱ ሄድሁ። ገዢ ነበረባቸው፤ ገና አፌን ከመክፈቴ «ተራህን ጠብቅ» አሉኝ፤ ከሁለት ሴቶች ኋላ ቆምሁ። ተራዬ ሲደርስ የሰንበቱን ተቀብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ከዱካቸው ሥር አስቀመጡት፤ የማክሰኞውን መልሰው ሰጡኝና «እሷ ካንተ ጋር ትሁን» አሉ። ለሥዕሉ ዋጋ አልተቀበልሁም። አንድ መደብ ሽንኩርት ግን ገዛሁ፤ አንድ ራስ መረቁልኝ።